ሁሉም አረንጓዴ የሆነበት ክፍል

ሥዕሉ በጣም ያምር ነበር፤ ችግሩም የጀመረው ከማማሩ ነው።

ቆጣሪ ኮምፒውተሯ ላይ የተደረደሩትን ስልሳ አንድ መስመሮች በእርሳስ ጫፍ እየተከተለች አንድ በአንድ ቁልቁል ወረደች። እያንዳንዱ መስመር አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ዓመቱ ሲጀመር አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አንብበው መጨረስ የማይችሉ ስልሳ አንድ ልጆች ነበሩ። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ግን፣ በታብሌት አጫጭር ታሪኮች እያነበቡ ጥያቄ በሚመልሱበት ፕሮግራም ሃምሳ ሁለቱ ከክፍል ጓደኞቻቸው እኩል ደርሰው ተገኙ። ከሁሉም የደከሙት ከሁሉም በላይ ተሻሻሉ ማለት ነው። ይህን ውጤት የያዘው ጽሑፏ ለአንድ ትልቅ ጉባኤ ተቀባይነት አግኝቷል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ያንኑ ውጤት ይዛ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች።

ኮሚቴው የሚሰጠው አንድ ቦታ ነው፤ ዶክትሬቱን ሊጨርስ ለተቃረበ ጀማሪ ተመራማሪ የሁለት ዓመት ሥራ፣ የራስ ጠረጴዛ፣ የራስ የምርምር ርዕስ። በትምህርትና ቴክኖሎጂ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ሰው «ወንበሩ» ነው የሚለው። በዓመት አንድ ወንበር። ካገኘችው በተመራማሪነት ትቀጥላለች። ካጣችው የተማሪነት ውሏ በሴሚስተሩ መጨረሻ ያበቃና ከአራት ዓመት በፊት ወደተወችው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ተመልሳ ጎልማሶችን ማውስ አያያዝ ታስተምራለች። ማውስ አያያዝ ማስተማር ነውር የለበትም። እሷ ግን ማወቅ የፈለገችው ልጆች ማንበብን እንዴት እንደሚማሩ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉም ከዚህ ሌላ ነገር አላሰበችም።

«ቆጣሪ» እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው ታላቅ ወንድሟ ነው ያወጣው። ልጅ ሳለች ደረጃ ስትወጣም ልብስ ስታሰጣም እየቆጠረች ብታስቸግረው፣ «ይቺ ልጅ የመብራት ቆጣሪ ናት፤ ሰው ተኝቶም ትቆጥራለች» አለ። ስሙ ተጣብቆባት ቀረ፤ ዩኒቨርሲቲ ድረስም ተከትሏት ገባ።

እስከዚያ ቀን ድረስ የልጆቹን ውጤት በአማካይ ነበር የምታየው። እያንዳንዱን ልጅ ለየብቻ እንድታወጣ የመከራት የጠረጴዛ ጎረቤቷ ነው። ጎረቤቷ ምርምሩ ይሁን አይሁን የሚያቀርብበት ገጽ ሁልጊዜ ስለሚያምር «ስላይድ» ይሉታል። ያንኑ ወንበር የሚወዳደረውም እሱ ነው።

«አማካይ አታሳዪ፤ ልጆቹን አሳዪ» ብሏት ነበር። «ኮሚቴ ልጅ ይወዳል።»

አሁን ባለ ጎማ ወንበሩን እየገፋ መጣና በትከሻዋ ላይ አጮልቆ አየ።

«ምነው፣ ጋኔን እንዳየ ሰው ደርቀሽ ቀረሽ?»

«አንዳቸውም አልተንገዳገዱም» አለች።

«እነማን?»

«ልጆቹ። እየው። ማንበብ የሚማር ልጅ ሁለት እርምጃ ይሄድና አንድ ይመለሳል። ሰኞ የቻለውን ማክሰኞ ይረሳል። ጉንፋን ይይዘውና ሳምንት ወደ ኋላ ይቀራል። እነዚህ ግን አምስት ሳምንት መሬት ለመሬት ሄደው ስድስተኛው ሳምንት ላይ ብድግ! ከዚያ በኋላ ንቅንቅ የለም።»

«ጎበዝ ልጆች ናቸዋ።»

«ሃምሳ ሁለት ልጅ በአንድ ሳምንት አይጎብዝም።»

ስላይድ ጭንቅላቱን አከከ። «እኔ ብሆን ኮምፒውተሩን ዘግቼ ምሳዬን እበላ ነበር።»

«እኔም ርቦኛል» አለችና ሌላ ሠንጠረዥ ከፈተች።

ሠንጠረዡ ፕሮግራሙ ራሱ የሚመዘግበው የሰዓት ዝርዝር ነው። ከስድስተኛው ሳምንት በፊት እነዚህ ልጆች ለአንድ ጥያቄ አርባ፣ አርባ አምስት ሰከንድ ይወስዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወይም ሰባት ሰከንድ ብቻ። ከክፍሎቹ በአንደኛው ውስጥ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ሰባት ልጆች ሁልጊዜ ተራ በተራ፣ በሁለት በሁለት ደቂቃ ልዩነት ይጨርሳሉ። የመጨረሻው ልጅ የሚጨርሰውም ምንጊዜም የእረፍት ደወል ሊደወል ሲል ነው። አንድ ቀን ቢሆን አጋጣሚ ነው። እሷ የቆጠረችው ሃያ ሦስት ቀን ነው።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት፣ ማንም ሳይጠራት፣ ወደዚያ ክፍል ሄደች።

ትምህርት ቤቱ ሁለት ፎቅ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ምድር ቤት፣ ከቧንቧው አጠገብ። መምህርቷ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረች፣ ቁመቷ አጭር ድምጿ ረጅም ሴት ናት። ቆጣሪን ስታይ ፊቷ በራ።

«ዶክተሯ መጣች! ልጆች፣ ተነሡ!»

«ገና አልሆንኩም፣ መምህር።»

«ለኔ ሆነሻል። ግቢ፣ ከኋላ ቁጭ በይ። ዛሬ እንዴት እንደምንሮጥ ታያለሽ።»

ቆጣሪ ለስምንት ዓመት ልጅ የተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠችና ማስታወሻዋን አወጣች። ከሰሌዳው አጠገብ በተሰቀለው ስክሪን ላይ የሠላሳ ስምንት ልጆች ፎቶ ተደርድሯል። ሥራውን ያልጨረሰ ልጅ ፎቶ ዙሪያው ቀይ ነው፤ ሲጨርስ አረንጓዴ ይሆናል። ልጆቹ ታብሌታቸውን ከፍተው አቀረቀሩ። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ያየችው ሁሉ ጥሩ ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጣታቸው ከቃል ቃል ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ ፎቶዎቹ በየተራ አረንጓዴ ለበሱ፤ ሰባት ቀሩ።

መምህርቷ ሰዓቷን አየችና እጇን አጨበጨበች። «ደራሾች!»

አራት ልጆች ከመቀመጫቸው ተነሡ። ቀድመው የጨረሱ ናቸው። እያንዳንዳቸው ፎቶው ቀይ የሆነ ልጅ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ። ባለ ታብሌቱ ልጅ ሳይጠየቅ ታብሌቱን አቀበለና በመስኮት ወደ ሜዳው ማየት ጀመረ። አንዷ ደራሽ፣ ፀጉሯን ሁለት ቦታ የተጎነጎነች፣ ታሪኩን አላነበበችም፤ አስቀድማ በራሷ ታብሌት አንብባዋለች። ጣቷ ጥያቄዎቹ ላይ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ቆጣሪ በሰዓቷ ያዘቻት። ስድስት ሰከንድ። ሰባት። ስድስት።

ሰባቱም አረንጓዴ ሆኑ፤ ክፍሉ አጨበጨበ፤ ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹ በር ላይ ተጨናንቀው ወጡ።

ቆጣሪ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። «መምህር፣ ይሄ ደራሽ የሚባለው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ካዘዝሽን ወዲህ ነዋ!»

«እኔ?»

«አንቺ ነሻ። እንዴት ረሳሽው?» መምህርቷ የጠመኔ ሣጥን የሚቀመጥበትን ቁም ሣጥን ከፈተችው። በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት በአራቱም ማዕዘን ተለጥፏል። ከአምስተኛው ሳምንት ዓርብ ጀምሮ እዚያው ነበር።

«ክቡራን መምህራን፤ ከሰኞ ጀምሮ የሁሉም ተማሪ ፎቶ አረንጓዴ ሳይሆን ክፍለ ጊዜውን እንዳትዘጉ በጥብቅ አሳስባለሁ። ቀድሞ ከተዘጋ የቀኑ መረጃ አይላክም።» ከሥሩ የእሷ ሙሉ ስም።

መልእክቱን በደንብ አስታወሰችው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መምህራኑ ልጆቹ ሳይጨርሱ እየዘጉ መረጃ ይጎድልባት ነበር። ይህን ጽፋ ለስድስቱም መምህራን በስልክ ከላከች በኋላ መረጃው ከአምስቱ ሞልቶ መምጣት ጀመረ። ያን ሳምንት ደስ ብሏት ለጓደኞቿ ኬክ ገዝታለች።

«ታዲያ አጠፋሁ እንዴ?» አለች መምህርቷ፤ ረጅሙ ድምጿ አጠረ። «እንግዲህ ያልጨረሰውን ይዤ ልቀመጥ፣ ሠላሳ ስምንት ልጅ እረፍት ልከልክል? አይሆንም። መረጃውም እንዳይጠፋብሽ አሰብኩ። የማውቃቸው መምህራንም እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ እኔው ነኝ ያሳየኋቸው። ሥልጠናው ላይ ‘ተረዳዱ’ ብለሽን የለ?»

«አላጠፉም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«እሱን ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ» አለች መምህርቷ፣ በሩን እየዘጋች። «ገና ልጅ ነሽ።»

ቅዳሜ ወንድሟ ቤት ሄደች። ወንድሟ በረንዳ ላይ የተፈታ ማራገቢያ ከፊቱ ዘርግቶ ሽቦ ይልጣል።

«ቆጣሪ፣ ዛሬ ፊትሽ መብራት የጠፋበት ሰፈር መስሏል።»

ሁሉንም ነገረችው። ሽቦውን ሳያስቀምጥ ሰማትና፣ «እና ልጆቹ ማንበብ ይችላሉ ወይስ አይችሉም?» አለ።

«አላውቅም። ችግሩ እሱ ነው። ታብሌቱ ይችላሉ ይላል፤ ታብሌቱ ግን የለካው ደራሾቹን ነው።»

«እኔ የሰው ቤት ቆጣሪ ተዛባ ሲሉኝ ቆጣሪው ላይ አፍጥጬ አልቀመጥም። የራሴን መለኪያ አምጥቼ በሌላ በኩል እለካለሁ። ሁለቱ ካልተስማሙ ያኔ ውሸታሙ ይለያል። አንቺ ሌላ መለኪያ የለሽም?»

ነበራት። ዓመቱ ሲጀመር እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠርታ፣ በወረቀት ላይ ያለ ታሪክ ጮክ ብሎ ሲያነብ በጆሮዋ ሰምታ ነበር የለካችው። ለዓመቱ መጨረሻም በክብደቱ እኩል የሆነ ሌላ ታሪክ አዘጋጅታ በፖስታ አሽጋለች። ፖስታው አልተከፈተም። ታብሌቱ ውጤቱን ራሱ እየሰጠ ሳለ ሁሉንም ልጆች እንደገና መስማት ትርፍ ድካም መስሏት ትታው ነበር።

ሰኞ ጠዋት አማካሪዋ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች። ክፉ ሰው አይደለም። ሦስት ተማሪዎቹን ለወንበሩ አብቅቷል፤ ሁለቱን ደግሞ ሳያበቃ ቀርቶ ዛሬም ድረስ ይቆጨዋል። ጨርሳ እስክትነግረው አላቋረጣትም። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«አንድ ክፍል ገባሽ። አንድ ቀን አየሽ። ይሄ ማስረጃ ነው?»

«አይደለም። ለዚህ ነው ሁሉንም ልሰማቸው የምሄደው።»

«ስንት ናቸው?»

«ስሌት ውስጥ ያሉት አምስት ክፍሎች ናቸው፤ መቶ ሰማንያ ልጅ። በስምንት የትምህርት ቀን እጨርሳለሁ።»

«ስሚኝ፣ ልጄ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መጀመሪያ ወንበሩን ያዢ። ከያዝሽ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ማረም ትችያለሽ። ደጅ ላይ ቆሞ የሚያርም ሰው የለም፤ የሚሰማውም የለም። ይህን የምልሽ ስለማዝንልሽ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ጽሑፉ ላይ የኔም ስም አለ።»

«እሱንም አውቃለሁ። ከተሳሳትኩ ስምዎ ምንም አይሆንም፤ ስምንት ቀን በከንቱ ደከምኩ ማለት ነው። ካልተሳሳትኩ ደግሞ ስምዎ አሁንም ውሸት ላይ ነው ያለው።»

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን መልሶ አጠለቀና አያት። «ማን ነው እንዲህ መናገር ያስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎት፤ በሁለተኛው ዓመት።»

አልሳቀም። አልከለከላትምም።

ከማክሰኞ ጀምሮ ቆጣሪ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ዞረች። በየትምህርት ቤቱ ድምፅ የማይረብሽበት ጥግ ለመነች፤ አንዱ ጋ የደረጃ ሥር፣ አንዱ ጋ የስፖርት ዕቃ ክፍል፣ አንዱ ጋ ጣሪያው የሚያፈስ ቤተ መጻሕፍት። ሁለት ወንበር፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ የደቂቃ መያዣ። ልጁ ይቀመጣል፤ ስሙን ትጠይቀዋለች፤ ስለ ጫማው ወይም ስለ ጥርሱ ትንሽ ታወራዋለች፤ ከዚያ «እስከቻልክበት አንብብልኝ» ትላለች። ልጁ አንድ ቃል ላይ ከቆመ ሦስት ሰከንድ ትጠብቅና ቃሉን ነግራው፣ በራሷ ወረቀት ላይ ትሰርዘዋለች። ደቂቃው ሲሞላ አመስግና ትሸኘዋለች። አታጨበጭብም፤ ፊቷንም አታጨፈግግም። ለመጀመሪያውም ለመቶኛውም ልጅ ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ።

በሁለተኛው ቀን አንድ የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ካልቻልኩ ቀይ ይሆናል?»

«ወረቀት ነው። ወረቀት ቀለሙን አይቀይርም።»

ልጁ ይህን ትንሽ አመዛዘነውና «እሺ» ብሎ ማንበብ ጀመረ። አራት ቃል አነበበ። በአምስተኛው ላይ ቆመ። ሦስት ሰከንድ አለፈ። ታብሌቱ ይህንን ልጅ ከክፍሉ ስድስተኛ ነው ይለዋል።

በሦስተኛው ቀን ድምጿ መሻከር ጀመረ። እሱ ግን ያን ያህል አላሳሰባትም። ያሳሰባት ሌላ ነገር ነው፤ ልጆቹ እንደማይችሉ አስቀድማ ጠርጥራለች፤ የጠረጠረ ጆሮ ደግሞ የጠረጠረውን ይሰማል። ሁለተኛ ሰሚ ያስፈልጋት ነበር። በዚያ ሰሞን ነፃ ቀን የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ተፎካካሪሽን ነው ምስክር የምታደርጊው?» አለ ስላይድ።

«አንተ እኔን ለማስደሰት ብለህ የማትሳሳት ሰው ነህ።»

«ልብ በይ፤ አንቺ ይህን ይዘሽ ከቀረብሽ ወንበሩ የኔ ነው።»

«አውቃለሁ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የስፖርት ዕቃ ክፍል። ስላይድ አታምጣ።»

መጣ። ኳሶች መካከል ተቀምጦ ሃያ ልጆች በሌላ ወረቀት ላይ ሰማ፤ እርስ በርስ ሳይተያዩ ጻፉ። ሲያወዳድሩ በአሥራ ዘጠኙ ተስማምተዋል፤ በሃያኛው ላይ የተለያዩት በሁለት ቃል ነው። ስላይድ ወረቀቱን ሲመልስላት አልቀለደም። «ያቺ ባለ ሹራቧ ልጅ» አለ፣ «አንድ መስመር ለማንበብ ላብ አጠመቃት። ታብሌቱ ምን ነበር ያላት?»

«አረንጓዴ።»

ሥራው አስቀድሞ ካሰበችው አንድ ቀን ቀድሞ አለቀ። የተረፋትን ቀን ለስድስተኛው መምህር የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሰጠችው። ይህ ክፍል ሠላሳ አራት ልጆች አሉት፤ በስሌቷ ውስጥ ግን የለም። መረጃው ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ስለጎደለ፣ በፋይሉ ራስጌ ላይ «የማይታመን» ብላ ጽፋ ያስወጣችው ክፍል ነው። መምህሩ ዝምተኛ ወጣት ነው። ስትገባ ደነገጠ።

«መልእክትሽን አንብቤዋለሁ» አለ፣ ሳትጠይቀው። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ደወል ሲደወል ዘጋሁት። ልጆቹ ሽንት ቤት ይሄዳሉ፤ ቀለም እስኪቀየር ይዣቸው ልቀመጥ?»

ቆጣሪ ፈገግ ማለት ፈለገች፤ አልሆነላትም። «ደራሽ የለህም?»

«ምንድን ነው ደራሽ?»

ሠላሳ አራቱንም ሰማቻቸው። ቀኑ ሳይመሽ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀመጠች። በአምስቱ ክፍሎች ከስልሳ አንዱ ልጆች ማንበብ የቻሉት ታብሌቱ እንዳለው ሃምሳ ሁለት ሳይሆኑ አሥራ ሰባት ናቸው። በስድስተኛው ክፍል ዓመቱን ከድካም የጀመሩት አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ከተላኩት ጥቂት ቀናት መረጃ ታብሌቱ አምስቱ ቻሉ ብሏል፤ በጆሮዋም የሰማችው አምስት ነው። እውነቱን የያዘው የማይታመን ያለችው ፋይል ነበር። ከዚያ ያን ቃል ከፋይሉ ራስጌ ላይ አጠፋችና የክፍሉን ቁጥር ጻፈችበት።

በቀጠሮው ቀን ኮሚቴው ሦስት ሰው ሆኖ ጠበቃት። ሰብሳቢዋ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሽበታም ሴት ናት፤ ከፊቷ ያለው ማመልከቻ ላይ አሁንም ሃምሳ ሁለት የሚለው ቁጥር በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል።

«የላክሁላችሁ ውጤት ትክክል አይደለም» ብላ ጀመረች ቆጣሪ። «እንዴት እንደተሳሳትኩና ትክክለኛው ስንት እንደሆነ ልንገራችሁ።»

የቁም ሣጥኑን በር ፎቶ አሳየቻቸው፤ ስሟ ከሥሩ በግልጽ ይነበባል። የስድስት ሰከንዱን ሠንጠረዥ አሳየች። የጆሮዋን ቁጥር አሳየች፤ የሁለተኛውን ሰሚም። አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀባት።

ከሦስቱ አንዱ፣ ከረባቱን ያላላ ሰው፣ ወደ ኋላ ተደገፈ። «እና አሁን በእጅሽ ያለው ምንድን ነው? ፕሮግራሙ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?»

«ገና አላውቅም።»

«ስድስተኛው ክፍል ግን የተሻለ ነው፤ ከአሥራ ሁለት አምስት።»

«አሥራ ሁለት ልጆች ናቸው። ሁለት ልጅ ቢታመም ቁጥሩ ይለወጣል። እሱንም አላውቅም።»

«ብዙ የማታውቂው ነገር አለ።»

«አዎ። ከአንድ ወር በፊት ሁሉንም አውቅ ነበር።»

ሰብሳቢዋ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። «መምህራኑን ነው ወይስ ራስሽን የምትወቅሽው?»

«መምህራኑ ያዘዝኳቸውን ነው የፈጸሙት። ትእዛዜን ያልፈጸመው አንዱ መምህር ብቻ ነው መረጃዬን ያተረፈልኝ። ለልጆቹ ብዬ የጻፍኩት መልእክት አልነበረም፤ ለሠንጠረዤ ብዬ ነው።»

ኮሪደር ላይ አርባ ደቂቃ አስጠበቋት። በመሀሉ ስላይድ ከረባቱን አጥብቆ ገብቶ ወጣ፤ ሲያልፍ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። ሲጠሯት ሰብሳቢዋ ብቻዋን ነበረች።

«ወንበሩ ያንቺ አይደለም» አለች፣ ሳታዞርባት። «የታተመ ጽሑፍ ያለው ተወዳዳሪሽ ነው፤ አንቺ ያለሽን ራስሽ ውድቅ አደረግሽው። ይህን ልሸፋፍንልሽ አልፈልግም።»

«ገባኝ።» ዕንባዋ እንዳይመጣ የሰብሳቢዋን ጠረጴዛ መሳቢያዎች ቆጠረች።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። በዚህ ፕሮግራም የሚሠሩ ሌሎች ሦስት ጥናቶች እዚህ ቤት ውስጥ አሉ። ሁለቱ መልእክትሽን ቃል በቃል ገልብጠው ለመምህሮቻቸው ልከውታል። ልጆቹን በጆሮ የሰማ ማንም የለም። የሚሰማ ሰው እንፈልጋለን። የአንድ ዓመት ሥራ ነው። ስሙ አያምርም፣ ‘የመረጃ ማረጋገጥ ረዳት’ ነው። ጠረጴዛው ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ነው። ባለ ጥናቶቹም አይወዱሽም።»

«ውጤቱን በስሜ ማሳተም እችላለሁ?»

ሰብሳቢዋ ቅንድቧን አነሣች። «አሁን ‘ገባኝ’ ያልሽው ሴት ነሽ?»

«እችላለሁ ወይ?»

«ከባለ ጥናቶቹ ጋር ተስማምተሽ፣ አዎ።»

«በውሉ ላይ ይጻፍልኝ። ሌላም አለ። ሁለቱ መምህራን፣ ያሳየችኝና ያልታዘዘልኝ፣ በሳምንት ግማሽ ቀን ከኔ ጋር እንዲሠሩ ለትምህርት ቤቶቹ ደብዳቤ ይጻፍልኝ። ክፍል ውስጥ የሚሆነውን እነሱ ናቸው የሚያውቁት፤ እኔ ሃያ ሦስት ቀን ቆጥሬ ነው ያወቅኩት።»

«ደብዳቤውን እጽፋለሁ። ይለቀቃሉ ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

«ካልለቀቋቸው እኔ እሄዳለሁ።»

ከቢሮው ስትወጣ ፕሮፌሰሩ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሰምቷል ማለት ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ሰጣት። ለጉባኤው አዘጋጆች የተጻፈ ነው። ጽሑፉ ከመርሐ ግብሩ እንዲወጣ ይጠይቃል። ከሥሩ ፊርማው አለ።

ቆማ አነበበችው። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አወረደች።

«ምንድን ነው? ፊደል አጠፋሁ?»

«‘በመሣሪያው ላይ ባጋጠመ ቴክኒካዊ ችግር ምክንያት’ ይላል።»

«ለሁላችንም የሚቀል አነጋገር ነው» አለ፣ ዓይኑን ሳይሰብር። «ማንም አይጎዳም።»

«መሣሪያው ምንም አልሆነም። የነገሩትን ነው የሠራው።» ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ ሐረጉን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከበላዩ በጥንቃቄ ጻፈች፦ «ተመራማሪዋ ለመምህራን በሰጠችው የተሳሳተ መመሪያ ምክንያት።» ወረቀቱን መለሰችለት። «አሁን እንደገና ይፈርሙበት።»

ፕሮፌሰሩ ደጋግሞ አነበበው። በኮሪደሩ የሚያልፉ ተማሪዎች ሁለቱን ዞረው አለፉ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና፣ «ተመራማሪዋ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ጨምቆ «እና መመሪያውን ሳያይ ያሳለፈው አማካሪዋ» ብሎ ጨመረበት።

«ዓረፍተ ነገሩ ተበላሸ» አለች ቆጣሪ።

«ይበላሽ» አለ ፕሮፌሰሩ። «እንደገና አስተካክለሽ ጻፊውና ሁለታችንም እንፈርማለን። ዛሬውኑ ይላክ።»

ቢሮው ገብተው በሩን ዘጉ፤ እሷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች፣ እሱ ከጎኗ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ።